በባትሪ ሲሆን

«ሰምታለች! ጎረቤት ድስቱን ሲከድን የምትሰማ ልጅ፣ ይኼን አልሰማሁም ብትል ማን ያምናታል?» አለች ምሥራቅ። የምታናግረው ባሏን ነው፤ ድምፅዋን የለካችው ግን ማጀት ድረስ እንዲዘልቅ አድርጋ ነው። ለተ ማርያም ማጀት ቆማ አጥሚት ታማስል ነበር። ማማሰያውን አላቆመችም፤ ብታቆም ይጓጉላል፣ ከተጓጎለ ደግሞ እሱም የሷ ጥፋት ሆኖ ይነገራል። ስለ ጆሮዋ የተባለው እንኳ እውነት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗም ጆሮዋም ምላሷም ደህና ናቸው፣ ምላሷማ ከደህናም አልፏል ይሏታል። ትናንት ግን ደወሉ አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን ኖሮ የኔታ አልጋቸው ሥር ተዘርረው፣ ጉንጫቸውን ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አሳርፈው አንድ ሰዓት ሙሉ ባልቆዩ ነበር።

የኔታ አላምረው የምሥራቅ ባል የአንዳርጋቸው አባት ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ አቋቋም አስተምረዋል፤ በጎንደር አድባራት ቅኔ ማሕሌት ቆሞ ከሚያሸበሽበው ሰው ግማሹ የሳቸው ተማሪ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። አምና በጥቅምት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ባንድ ቀን ሄዱ። የቀራቸው ጆሯቸው፣ ግራ እጃቸውና «እ» የምትል አንዲት ድምፅ ናት። ሴት ልጃቸው ሸዋረጋ «ማክሰኝት ወስጄ እኔ እጦራቸዋለሁ» ብላ ነበር፤ አንዳርጋቸው እንቢ አለ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያስተምራል። «እዚህ ሐኪሙም ቅርብ ነው፤ ደግሞ ሌት ተቀን የሚጠብቃቸው መሣሪያ እኔ እሠራላቸዋለሁ» አለ፤ ሠራም። ሸዋረጋ አኮረፈች፤ አባቷን ግን ለመሣሪያ ብቻ አልለቀቀችም። ኮላ ድባ ወርዳ የአክስቷን የልጅ ልጅ፣ ለተ ማርያምን፣ አመጣችላቸው። ለልጅቷ እናት የተገባው ቃል አጭር ነበር፤ እስከ ክረምቱ መውጫ የኔታን ትርዳ፣ በመስከረም አንዳርጋቸው ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችውን ትምህርት ያስቀጥላታል። ስለ ደሞዝ ያነሳ የለም፤ ዘመድ ናታ። ለተ ማርያም ከመጣች ወዲህ የዘመድና የሠራተኛን ልዩነት በደንብ አውቃዋለች፤ ሠራተኛ ብትሰደብ ጥላ ትሄዳለች፣ ዘመድ ብትሰደብ ምክር ነው ይባላል።

መሣሪያው ደግሞ እንዲህ ነው። አንዳርጋቸው አንድ አሮጌ ማውስ ወስዶ አንዷን መጫኛ ብቻ አስቀረና ሌላውን በፕላስተር ለጠፈው። ረጅም ገመድ ቀጥሎ፣ ከየኔታ ክፍል በመጋረጃው ሥር አሳልፎ፣ ሳሎን ቡፌ ላይ ከተቀመጠው ላፕቶፕ ሰካው። የኔታ በግራ አውራ ጣታቸው ሲጫኑ ላፕቶፑ ከራሱ ኃይል በሚስብ ስፒከር ጸናጽል ያንሿሿል፤ ድምፁን አንዳርጋቸው በጥምቀት ቀሐ ወንዝ ወርዶ በስልኩ የቀዳው ነው። አንድ ጊዜ ውኃ፣ ሁለት ጊዜ ሽንት፣ ሦስት ጊዜ አገላብጡኝ። ጓሮ ቧንቧው ድረስ ይሰማል። ለሥራ ባልደረቦቹ አሳይቶበታል፣ ለንስሐ አባታቸው አሳይቶበታል፤ የኔታም መጀመሪያ ቀን ሲጫኑት ባልሞተው ግማሽ አፋቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የአዋቂ ዳይፐር ይገዛ የሚል ወሬ ቀረ። አንዱ እሽግ ከሺህ ብር አልፏል፤ «ደወል እያለ ምን ያደርጋል?» አለ አንዳርጋቸው። እውነቱን ነው፤ ለተ ማርያም በስድስት ወር ውስጥ አንድም ቀን ሁለተኛ ጊዜ አስደውላቸው አታውቅም። ሦስት ጊዜ ሲያንሿሿ ከጓሮ እየሮጠች ገብታ «መጣሁ የኔታ፣ ማሕሌቱን ያለኔ ጀመሩት እንዴ?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «እ» ይሏታል፣ ትርጉሙ እንደ ቀኑ ነው።

ትናንት ረቡዕ አንሶላ ታጥብ ነበር። ዝናቡ ቆም ሲል ቶሎ ላስጣ ብላ ነው። ጆሮዋ ከሳሎኑ አልራቀም፤ ግን ምንም የለም። ዛሬ ደህና ተኙልኝ እያለች በሆዷ አመሰገነች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ልታገላብጣቸው ስትገባ መሬት ላይ ናቸው። ሱሪያቸው ርሷል። ባንድ እግራቸውና ባንድ እጃቸው ራሳቸው ወደ ፖፖው ሊደርሱ ሞክረዋል። ማውሱ እጃቸው አጠገብ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ወድቋል። ልታነሳቸው አልቻለችም፤ እየጮኸች ጎረቤት ጠራች፤ በባጃጅ ሆስፒታል ሄዱ፤ ፎቶ ተነሱ። ዳሌያቸው ተሰንጥቋል። በሰማንያ አንድ ዓመት ቢላ አይታሰብም፣ ተኝተው ይጠገኑ ተባለ። ማታ ቤት ሲገቡ አንዳርጋቸው በቀጥታ ወደ ቡፌው ሄደ። ክዳኑን ከፍቶ፣ እየተሯሯጠ ሄዶ ማውሱን ተጫነ፤ ጸናጽሉ ቤቱን ሞላው። ከደነውና እንደገና ተጫነ፤ አሁንም ጮኸ። ለተ ማርያም በር ላይ ቆማ ነበር። ክፍል ውስጥ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ረጋ ብሎ «ይኸው ይሠራል። ማሽን አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» አላት። ምሥራቅ ደግሞ ስልኳን ቀማቻት፤ ስልክ ስትጎረጉር ነው ያልሰማችው ተብሎ ተደመደመ። ከዚያ ለሸዋረጋ ተደወለ። ዛሬ ለምሳ ትመጣለች፣ ስትመለስ ልጅቷን ይዛት ትሄዳለች። ነሐሴ ሃያ ሁለት ነው፤ ለምዝገባው የቀረው ሁለት ሳምንት አይሞላም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ምሥራቅ ለቢሮ ስትዘጋጅ እንደ ልማዷ የላፕቶፑን ክዳን ከድና ዳንቴል አለበሰችው። የቤቱ ደንብ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ ስፒከሩ ሳይቀር ትንሽዬ ዳንቴል አለችው። ላፕቶፕ ገላውን ተከፍቶ አቧራ ሲቅም ማየት አትወድም። አንዳርጋቸውም ቢከደንም እንዲሠራ አድርጎ አስተካክሎላታል። «ካጠገባቸው እንዳትነቃነቂ፤ ዛሬ እንኳ ሰው ሁኚ» አለችና ወጣች። ባሏም ተከተላት። ለተ ማርያም የውጪውን በር ከውስጥ እየቀረቀረች፣ ውሸታም ብለው የፈረዱባትን ልጅ አባታቸውን አስረክበዋት መሄዳቸው ገርሟት ለብቻዋ ሳቀች።

አጥሚቱን በማንኪያ ስታጎርሳቸው የኔታ በከሳሽ ዓይን ሳይሆን እንደ ሁልጊዜው አዩዋት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ መቋሚያ፣ የመድኃኒት ጠረን። ልትጠይቃቸው ፈራች፤ ግን የማያስችል ምላስ አለባት።

«የኔታ፣ ትናንት ተጭነው ነበር?»

«እ።»

«ስንት ጊዜ?»

ግራ እጃቸውን አነሱ። ሁለት ጣት አሳዩ፤ ከዚያ እንደገና ሁለት፤ እንደገና ሁለት፤ እየቆዩ፣ እየጠበቁ እንደነበር በሚያስታውቅ አኳኋን፣ ስድስት ጊዜ ያህል። ለተ ማርያም ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «እመብርሃንን አልሰማሁም። ሰምቼ ቢሆን...» አለች። የኔታ እጃቸውን ሰደው የቀሚሷን እጅጌ ያዙ፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጓት። ሌላው ሁሉ ያላመናትን እሳቸው አምነዋታል፤ ግን እሳቸው ማመናቸውን ለማን ይናገሩት?

አራት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረና ነጎድጓድ መጣ። ፍሪጁ ጩኸቱን አቋረጠ፤ መብራት ሄደ። በክረምት የለመደ ነገር ስለሆነ ልብ አላለችውም። ውኃ ልትቀዳላቸው ማጀት ገብታ ስትመለስ የኔታ ማውሱን ይዘው ይጫናሉ። አንድ ጊዜ፤ ቆም፤ አንድ ጊዜ፤ ቆም። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ብርጭቆውን ይዛ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። «ይድገሙት እስቲ» አለች። ደገሙት፤ ጣቱ ሲወርድ መጫኛው ቀጭ ሲል ይሰማል፣ ከሳሎን ግን የሚመልስ የለም። ጠጋ ብላ ማውሱን ገለበጠችው። ሆዱ ሥር ሁልጊዜ የምትበራው ቀይ መብራት ጠፍታለች። ትናንትም መሬት ላይ ሆዱን ገልብጦ ስታገኘው ዓይኗ ያየው ጨለማ ነበር፤ አሁን ነው ትዝ ያላት።

ሳሎን ሮጣ ዳንቴሉን ገለጠች፣ ክዳኑን ከፈተች። ጥቁሩ መስታወት ትንሽ አሰበበትና በራ። «አሁን ይጫኑ የኔታ!» ብላ ጮኸች። ጸናጽሉ ተንሿሿ። አንድ ብቻ፤ አሁን የተጫኑት። ቅድም የተጫኑት ሁሉ የት እንደገባ አይታወቅም። ከደነችውና እስኪረጋ ጠበቀች፤ «ይጫኑ!» ምንም። ከፈተችው፤ ጮኸ። ከደነችው፤ ዝም። አምስት ጊዜ አመላለሰችው። ክዳኑን ክፍት ትታ ተመልሳ ስትገባ የኔታ ዓይናቸው እንባ አቅሯል፤ ግማሽ አፋቸው ግን ይስቃል። ለተ ማርያም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እሷም እንደ ሞኝ ሳቀች፣ አለቀሰችም። «አዩልኝ አይደል የኔታ? በዓይንዎ አዩልኝ አይደል? መብራት ሲሄድና ሲከደን ነው! እትዬ ምሥራቅ በዳንቴል አፍና ልትጨርሰን ነበር እኮ።»

«እ!» አሉ የኔታ። እንዲህ ያለ ጠንካራ «እ» ከሳቸው ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ረዘመባት። ስልክ የላት፣ ደውላ አትናገር፤ ቀርጻ አታስቀር። መብራቱ እንዳይመጣ እየለመነች ቤቱን ጠረገች፣ ሽንኩርት ከተፈች፣ ፍሪጁን እየሄደች በጆሮዋ አዳመጠች። በጎንደር ከተማ በዚያች ሰዓት መብራት አይምጣብኝ ብሎ የሚለምን ሰው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ልመናዋ አልሰመረም፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ሲቀረው ፍሪጁ ተንፈራፈረና ማጉረምረም ጀመረ። አንዳርጋቸው ከምሥራቅ ቀድሞ ገባ፤ ጫማውን ሳያወልቅ፣ እርጥብ ጃንጥላውን እንደያዘ በሩ ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ አገኘሁት። ሲከደን አይጮኽም።»

«ትናንት እኮ ከድኜ አሳየሁሽ።» ደክሞታል። ያም ሆኖ ሄዶ ክዳኑን ከደነና ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ ማውሱን ተጫነ። ጸናጽሉ ጮኸ። «እሺ አሁን ምን ልበልሽ?» የሚል ፊት ይዞ ወጣ። ለተ ማርያም ወደ ቡፌው ሄደች። ክዳኑን ከፈተች፣ የላፕቶፑን ገመድ ከማከፋፈያው ነቀለች፣ መልሳ ከደነችው። «አሁን የኔታ!» አለች። ከመጋረጃው ወዲያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ተሰማ። ሌላ የተሰማ ነገር የለም። አንዳርጋቸው ቆሞ ቀረ። ከጃንጥላው የሚወርደው ውኃ ምንጣፉን ሲያርሰው እሷ አየች፤ እሱ አላየም። ጆሮው ከሥሩ ጀምሮ ሲቀላ ግን ሁለቱም ያወቁት ይመስላል፤ እጁን ሰዶ ነካው።

ቡፌው ፊት ተንበረከከና ከፈተው። ቁጥር በቁጥር የሆነ ረጅም ዝርዝር አወጣ፤ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ትናንት አራት ከሃያ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስመር ማታ አሥራ ሁለት ከሩብ ነው። በመሃሉ ምንም የለም። «መብራት ሲሄድ ተኝቷል» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አያስታውቅም። «ሲከደን ምን ያድርግ የሚለው ሁለት ቦታ ነው የሚሞላው። መብራት ላይ ሲሆን አንድ፣ በባትሪ ሲሆን አንድ። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የነካሁት።»

«የተጫኗቸውስ? ሲነቃ አያገኛቸውም?»

«አያገኛቸውም። በተኛበት ገመዱ ላይ የሆነውን አይቀበልም፤ ሲነቃ መሣሪያውን እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል እንጂ ምን አመለጠኝ ብሎ አይጠይቅም። እኔም እንዲጠይቅ አድርጌ አልጻፍኩትም።» ሁለተኛውን ቦታ ሞላው። ለመሙላት የፈጀበት ሰዓት አንድ ጉንጭ ውኃ ለመዋጥ አይበቃም። ገመዱን እንደተነቀለ ከደነው፣ «አባባ፣ ይጫኑ» አለ፤ ጸናጽሉ ጮኸ። ተነስቶ ገመዱን ቦታው መለሰ፣ ዳንቴሉን እንኳ አልብሶ ጠርዙን አስተካከለ።

«እግዜር ይስጥልኝ!» አለች ለተ ማርያም። «ማሽን አይዋሽም ብለውኝ አልነበር ጋሼ?»

«አልዋሸም።» ወደ መጋረጃው አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክንዷን ይዞ ወደ ማጀቱ አስገባት፤ ከመጣች ጀምሮ እዚያ ገብቶ አያውቅም፣ የት እንደሚቆም ጠፍቶት ከሽንኩርቱ ትሪ አጠገብ ቆመ። «ስሚኝ ለተ። ሸዋረጋ ይኼን ከሰማች አባባን ዛሬውኑ አስጭና ነው የምትወስዳቸው። ያን ዳሌ ይዘው እስከ ማክሰኝት። መንገድ ላይ ምን እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ፤ እዚያ ደግሞ ሐኪም የለ። አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽ፤ ከዚያ ማን ያስተምርሻል?»

«እና ምን ልበል?»

«ሰምቼ ነበር፣ ልብሱን ልጨርስ ብዬ ዘገየሁ በይ። ልጅ ነሽ። ይቅርታ ብለሽ ጉልበት ትስሚያለሽ፣ እኔ ከፊትሽ ቆሜ እናገርልሻለሁ። በመስከረም እኔ ራሴ እጅሽን ይዤ ሄጄ አስመዘግብሻለሁ።»

«ለእትዬ ምሥራቅስ?»

«ለሷም ያው ነው።»

ለተ ማርያም የምትለው ሞልቷት ነበር። እርስዎ ይንበርከኩና ጉልበት ይሳሙ፣ ልትል ነበር። ዲግሪዎትን በዳንቴል ይሸፍኑት፣ ልትልም ነበር። ምላሷ ላይ ሁሉም ተሰልፎ ቆሟል። ግን ኮላ ድባ ታየቻት፤ ባሏን የቀበረች እናቷ፣ በር ላይ የሚጠብቁ ጎረቤቶች፣ በሽማግሌ ላይ ጨክና የተባረረች ልጅ ተብላ ስትገባ። እውነቱን ብትነግራቸው ማን ያምናል፤ መሣሪያው እንደሆነ አሁን ቢከደንም ቢነቀልም ይጮኻል። እሱ ሞልቶታል። የሷን ማስረጃ ዓይኗ እያየ፣ በሁለት ጣቱ፣ አባቱን ለማዳን ብሎ አጠፋባት። «ካልሁት በኋላ ቢክዱኝስ?» አለች። «አልክድሽም» አለ፤ ዓይኗን ግን አላየም፣ ሽንኩርቱን ነው ያየው።

ምሥራቅና ሸዋረጋ በር ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ። ሸዋረጋ ሰፋ ያለች፣ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ የተከናነበች ሴት ናት፤ በቀጥታ አባቷ ክፍል ገብታ እግራቸውን ስማ እያለቀሰች ቆየች። ስትወጣ ፊቷን አበሰች፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ለተ ማርያም ያቀረበችውን የእጅ ውኃ ሳትታጠብበት በእጇ ወደ ጎን አደረገችው። ምሳው ቀርቦ ማንም አልጎረሰም። በመጋረጃውና በሶፋው መሃል አራት እርምጃ አይሞላም።

«እስቲ ነይ ወዲህ። ምነው ለተ? እኔ አንቺን ሸጋ ልጅ ናት ብዬ ለእናትሽ በአፌ የተናገርኩ፣ ምነው እንዲህ አዋረድሽኝ?»

ለተ ማርያም ወደ አንዳርጋቸው አየች። እንጀራ ቆርሶ በጣቱ እያሻሸ ወደ ቁራሽ፣ ቁራሹን ወደ ፍርፋሪ ይለውጣል። የእጅ ውኃውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠች። «ሰምቼ ነበር እትዬ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «አንሶላውን ልጨርስ ብዬ ዘገየሁ። አጥፍቻለሁ።»

«ይኸውልሽ!» አለች ምሥራቅ። እንዳሸነፈ ሰው ሳይሆን፣ ከባድ ነገር እንደወረደላት ሰው ተነፈሰች። ያኔ ነው ጸናጽሉ የጮኸው። አንድ ጊዜ። ሁለት። ሦስት። አራት። ሸዋረጋ ደንግጣ ተነሳች። «ምንድን ነው? ምን ፈለጉ?» ጸናጽሉ አልቆመም፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ሳይቆጠር፣ ሳያርፍ፣ እንደ በዓል ሌሊት። ለተ ማርያም የሚሉትን እንደ ንግግር ሰማችው። ውኃ አይደለም፣ ሽንት አይደለም፣ አገላብጡኝም አይደለም። ለዚህኛው ነገር አንዳርጋቸው ቁጥር አልሰጣቸውም።

«ሽንት ይሆናል፤ ሂጂ እዪ» አለች ምሥራቅ።

ገባች። የኔታ አንገታቸውን ከትራሱ አንስተዋል፣ የግንባራቸው ሥር ተገትሯል፣ አውራ ጣታቸው ይወርዳል፣ ይወጣል። ሲያዩዋት እጅጌዋን ሊይዙ ሞከሩ፤ ግን ለመያዝ ማውሱን መልቀቅ ሊኖርባቸው ነው፤ አልለቀቁትም። «እ! እ!» ይላሉ ወደ ሳሎኑ። «ተዉት የኔታ» አለች በሹክሹክታ። «ተዉት፣ በኔ ሞት። እኔ ነኝ ያልሁት።» አልተዉትም። ከሳሎን የአንዳርጋቸው ድምፅ መጣ፤ «አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋቸዋል፣ ጣታቸው ይንቀጠቀጥና... የነርቭ ነው።» ቀጥሎ የወንበር መንፏቀቅ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ፣ ጸናጽሉም እየራቀ እየራቀ እንደሚሄድ ማሕሌት እያነሰ ጠፋ። ስፒከሩን ቀንሶታል። ማውሱ ሆድ ሥር ቀይዋ መብራት አለች፤ ላፕቶፑ ነቅቷል፣ እያንዳንዱን ይቀበላል። የኔታ ድምፅ እንደሌለ ሲገባቸው ትንሽ ቆሙና በባሰ ፍጥነት ይጫኑ ጀመር።

«ምነው፣ ምን ሆነው ነው?» ስትል ሸዋረጋ ይሰማል።

«ምንም አይደለም፤ እያገላበጠቻቸው ነው» አለ አንዳርጋቸው። ምሥራቅ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ራሷን አስገባች። የአማቷን ጣት አየችና ፊቷ ጨፈገገ። «እንግዳ እስኪሄድ ውሰጂባቸው፤ ራሳቸውን ያደክማሉ» አለችና መጋረጃውን መለሰች።

ለተ ማርያም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጣቶቻቸውን አንድ ባንድ አላቀቀች፤ መጀመሪያ ትንሿን፣ ከዚያ የቀለበቷን፤ ቀስ ብላ፣ እንዳያማቸው። አውራ ጣታቸው ጋ ስትደርስ የኔታ ዓይኗን አዩ። አልታገሏትም። አውራ ጣቱ ራሱ ተነሳላት። ማውሱን ስትወስደው ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ መውረድና መውጣቱን ቀጠለ፤ ከዚያ አቆመ፤ ከዚያ የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሳሎን ውስጥ የምሳው ሳህን መንቀሳቀስ ጀምሯል። «ሰው ሲያጠፋ አጥፍቻለሁ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው» ይላል አንዳርጋቸው፣ እንዳለውም ከፊቷ ቆሞ እየተናገረላት ነው። «እዚህ ትቆይ፤ ትምህርቷንም አስጀምራታለሁ፤ ቃል ገብተንላት የለ?» ሸዋረጋ ከምሳው ጠቅልላ ጎረሰች። ከዚያ እንጀራ የጎረሰ አፍ ይዛ ወደ መጋረጃው ጠራች።

«አንቺ ለተ! ስንተኛ ክፍል ነው የምትገቢው?»

«ሰባተኛ» አለች ለተ ማርያም፤ ገመዱን በመዳፏና በክርኗ መሃል እየጠቀለለች።